የአስራ ሰባተኛዋ ባቄላ ጉዳይ

ጅማ ሄርማታ ገበያ ባቄላና አተር በጣሳ ስሰፍር አርባ አመት ሊሞላኝ ነው። ጣሳዬን የሚያውቅ ያውቃታል። ጎኗ አልተጨመቀም፣ ቂጧም በመዶሻ ተመትቶ ወደ ውስጥ አልገባም። ሙሉ ጣሳ ናት። ስለዚህ ምርቃት መስጠት አልወድም። ሙሉ ሰፍሮ ለሸጠ ሰው ምርቃቱ ከየት ይመጣል? እፍኝ እፍኝ የሚመርቅላችሁን ነጋዴ ካያችሁ መጀመሪያ የጣሳውን ቂጥ ዳብሱ። ይህን እውነት በመናገሬ የገበያው ሰው «ስስታሙ» የሚል ስም አውጥቶልኛል። ይሁን፤ ስም ከረጢት አይቀድድም።

እንዲያም ሆኖ ልማድ ልማድ ነው። አስረኛዋ ጣሳ ላይ ስደርስ ደንበኛው «ምርቃቷስ?» ካለኝ እጄ ሄዳ ቆንጠር አድርጋ ትጨምራለች። እኔ አልልካትም፣ ራሷ ናት የምትሄደው። ለቤት ሰው ግን ምርቃት የለም፤ የራሱን ጓዳ የሚመርቅ ማን አለ? ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የምታፈላው እሷ ናት።

ነገሩ የተጀመረው ቦሳ አዲስ ሰፈር ካለው ቤቴ ነው፣ ምሳ ላይ። የልጅ ልጄ ትርሲት ስምንተኛ ክፍል ናት። ለትምህርት ቤቷ በሂሳብ ከተመረጡት ሶስት ልጆች አንዷ፣ የቡድኑም አለቃ ሆና፣ ከጅማና ከዙሪያዋ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ጋር ልትወዳደር ነው። ያሸነፈው ቡድን ወደ ክልሉ ውድድር ይሄዳል። ትምህርት ቤቷ ከስምንተኛ በላይ ስለሌለው ይህ የመጨረሻ እድሏ ነው። ባለፈው አመት በአንድ ነጥብ ተሸንፈው ሶስት ቀን እህል አልቀምስም ብላን ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ገና ሳትወዳደር የመንገድ ቦርሳዋን አዘጋጅታ አልጋዋ ስር ከታዋለች። እናቷ አይታ ዝም አለች። እኔ አይቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ «ካልሲ ጨምሪ» አልኳት።

ታዲያ በዚያ ምሳ ላይ ነጥቡ እንዴት እንደሚያዝ ጠየቅኳት።

«በፍጻሜው ላይ ትክክል ከመለስን ሁለት ነጥብ። ከተሳሳትን አንድ ይቀነስብናል። ካለፍነው ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ዜሮ ነዋ፣ አባባ።»

«እንግዲህ ሞክሮ የሳተ ዝም ካለው ያንሳል?»

«ያንሳል።»

«ይህን ማን አወጣው?»

«በግምት እንዳንመልስ ነው።»

«እኔ ይህን ሁሉ እድሜ የኖርኩት በግምት አይደል እንዴ!»

ሳቀች። «ተረቱስ ቢሆን ‹ዝም አይነቅዝም› ይል የለ?» አለችኝ።

እኔን፣ እህል ነጋዴውን፣ ስለ ነቀዝ ልታስተምረኝ! እንጀራዬን አስቀመጥኩ። «ስሚ፣ አርባ አመት ከነቀዝ ጋር ኖሬያለሁ። የሚነቅዘው ዝም ብሎ የተቀመጠው እህል ነው። የተነሳ፣ የተሰፈረ፣ የተገላበጠ አይነቅዝም። ወንበር ላይ ዝም ብለሽ እንዳትነቅዢ!»

እሺ አለች። ምክሬ ምን ያህል እንዳስከፈላት ቆይታችሁ ታያላችሁ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ውድድሩን የሚያዘጋጀው መምህር ኑረዲን የሂሳብ መምህሯ ነው፤ ገና ልጅ ነው፣ ኪሱ ላይ ሶስት እስክሪብቶ ሰክቷል። ሶስት ለምን እንዳስፈለገው አልጠየቅኩትም፤ የመጣሁበት ጉዳይ ይበልጥብኛል።

«አባት፣» አለኝ በትህትና፣ «አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ላይ የማያውቅ ልጅ ጨፍኖ አንዱን ቢጠራ ከአራት አንዴ ይሳካለታል። ቅጣት ከሌለ ገማችና አዋቂ ይደባለቃሉ።»

«ይደባለቁ! ገበያ ላይስ መች ተለይተው ያውቃሉ?»

«ይሄ ገበያ አይደለም።»

«ነጥብ ትሰጣለህ፣ ነጥብ ትቀንሳለህ። ገበያ ካልሆነ ምንድነው?»

ደወል ሁለት ጊዜ ተደወለ፣ ተማሪ ገባ፣ ተማሪ ወጣ፣ እኔ አልተነሳሁም። በመጨረሻ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና «አባት፣ የወላጅ ታዛቢ ጎድሎናል። ለምን እርስዎ አይሆኑም?» አለኝ። ታዛቢ ያያል እንጂ አይናገርም፤ አፌን መዝጊያ እንዳገኘልኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያኔ ሹመት መስሎኝ ነበር። ኮቴን አስተኮስኩ።

ውድድሩ ቅዳሜ፣ እዚያው ትርሲት ትምህርት ቤት ዋለ። አሰራሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ስምንት ትምህርት ቤቶች በወረቀት ይፈተናሉ። ወረቀቱ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ አራሚው የማንን ልጅ እንደሚያርም እንዳያውቅ። የየቡድኑ ሶስት ልጆች ውጤት ይደመርና ሁለት ቡድን ለፍጻሜ ያልፋል። ፍጻሜው በቃል ነው፣ በአዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ለየቡድኑ አስራ ሁለት የታሸጉ ፖስታዎች አሉ። በየተራ ያነሳሉ፣ አንድ ደቂቃ ይመክራሉ፣ አለቃቸው ተነስታ ትመልሳለች። ዳኞቹ ሶስት ናቸው፣ ከማይወዳደሩ ትምህርት ቤቶች የመጡ። አንድ መምህር ነጥቡን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። መልስ እንዳይላክ ስልክ ሁሉ በር ላይ ተሰብስቦ ዘንቢል ውስጥ ገብቷል። ያ ዘንቢል ሲጮህ ነው የዋለው።

ለፍጻሜ ያለፉት የትርሲት ቡድንና ከጎረቤት ከተማ ከሰቃ የመጡ ልጆች ሆኑ። መምህር ኑረዲን እየሮጠ መጣ።

«አባት፣ እንግዲህ የልጅ ልጅዎ ስላለችበት፣ ሌላ ታዛቢ ብናደርግ...»

«ለዘመዴ ጣሳ ስቆልል አይተኸኛል?»

«አላየሁም፣ ግን...»

«አታይምም!» አልኩና ወንበሬን ያዝኩ። ከወንበር እኔን ማስነሳት ጉቶ መንቀል ነው።

ሁለት ታዛቢ ነው ያለው። የእንግዶቹ ታዛቢ የፖስታው እሽግ አለመቀደዱን ያያል። የባለቤቶቹ ታዛቢ ነጥቡን ለብቻው ይይዛል፣ ከሰሌዳው ጋር እንዲመሳከር። ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ፊደል ባልጠፋብኝም እጄ ከእርሳስ ጋር ብዙም አትግባባም፤ አንድ ስምንት ጽፌ እስክጨርስ ሁለት ጥያቄ ያልፋል። ስለዚህ የለመድኩትን ይዤ መጥቻለሁ፤ ሁለት ባዶ የቲማቲም ጣሳና አንድ ከረጢት ባቄላ። ገበያ ላይ ብዙ ሲሰፈር ቁጥሩ እንዳይጠፋ ለየጣሳው አንድ ፍሬ ለብቻ እናስቀምጣለን። ባቄላ ይሻላል፤ አተር ይንከባለላል። ለትክክል መልስ ሁለት ባቄላ እጥላለሁ፣ ለስህተት አንድ አወጣለሁ። ማውጣቱ ከብዶኝ ነበር፤ ደንበኛ ከረጢት የገባን እህል መልሶ ማውጣት በኛ ዘንድ ነውር ነው። ግን ታዛቢ ነኝ፣ ዋጥኩት።

የእንግዶቹ ታዛቢ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አባ ቢያ! አባ ቢያ የሰቃ ቡና ገበሬ ነው። ቡናውን ሸጦ ሲመለስ ባቄላውን ከኔ ይገዛል፤ ሰላሳ አመት ደንበኛዬ ነው፣ ሰላሳ አመትም ስለ ምርቃት ስንጨቃጨቅ ኖረናል። የሰቃዎቹ አለቃ ሀዊ የወንድሙ ልጅ ናት። ከጎኔ ተቀመጠና ጣሳዎቹን አይቶ ፈገግ አለ።

«አካም ጅርታ፣ ስስታሙ! እዚህም ልትሰፍር መጣህ?»

«አንተ ፖስታህን ጠብቅ።»

ተጀመረ። የሰቃ ልጆች ጠንቃቆች ናቸው። ሲያውቁ ይመልሳሉ፤ ሲጠራጠሩ ሀዊ ትነሳና «ይለፈን» ብላ ትቀመጣለች። የኛዋስ? የአያቷን ምክር ይዛ የመጣውን ሁሉ ትመልሳለች። አንዴ ብቻ ጊዜ አልቆባት አለፋት። መለሰች፣ መለሰች፣ አንዱን ሳተች፤ ባቄላዬ ወጣች። ደግሞ መለሰች፣ ደግሞ ሳተች፤ ሌላም ወጣች። ባቄላ በወጣች ቁጥር ትርሲት ወደኔ ታያለች፣ እኔ ጣሪያውን አያለሁ።

ሰቃዎች አምስተኛውን ሲመልሱ ሁለቱን ባቄላ ጣልኩ። አባ ቢያ አንገቱን ወደ ጣሳው አስግጎ «አስር ሞላ» አለ። ከዚያ በጆሮዬ፣ «ምርቃቷስ?» አለኝ። አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ቀጣዩ ፖስታ ተነስቷል፣ አይኔ እዚያ ነው። ሌላ ነገር አላስታውስም።

አስራ ሁለት አስራ ሁለቱ ፖስታ አለቀ። ነጥቡ ሳይደመር የሻይ እረፍት ተባለ፤ ሽልማቱን የሚሰጠው ትልቅ ሰው ከቢሮ እስኪመጣ ነው። ሁላችን ወጣን። ጣሳዎቼን በሁለት ክንዴ አቅፌ ነው ሻይ የጠጣሁት፣ እንዴት እንደጠጣሁት አትጠይቁኝ። አዳራሹ ውስጥ የቀረችው የጽዳት ሰራተኛዋ ወይዘሮ አስካለ ብቻ ናት። ወይዘሮ አስካለ አቧራ ጠላቷ ነው። ትልቅ እንግዳ ይመጣል ብለዋታል። ሰሌዳው ደግሞ በጠመኔ ተሞነጫጭሯል። እርጥብ ጨርቅ አመጣች።

ስንመለስ ሰሌዳው እንደታጠበ ሳህን ያበራል።

«ወይዘሮ አስካለ!» ጮኸ መምህር ኑረዲን። «ነጥቡስ?»

«የቱ ነጥብ? ያ ጭረት ነው? እንኳንም አጠፋሁት፤ እንግዳ ፊት ያሳፍር ነበር እኮ!»

ዳኞቹ እጅ ያለው ጥያቄና መልሱ ብቻ ነው፤ ነጥቡን «ሰሌዳው ላይ ሁሉም ያየዋል» ብለው ትተውታል። ሰዉን ቢጠይቁት ሁሉም የራሱ ልጆች የመለሱትን ያስታውሳል፣ የሳቱትን የሚያስታውስ የለም። በሰቃ ደጋፊዎች ቆጠራ ሰቃ ሃያ አራት አለው። በኛ ደጋፊዎች ቆጠራ እኛ ሃያ ስድስት አለን፤ ሃያ ስድስት ደግሞ አስራ ሁለቱም ቢመለስ የማይገኝ ነው።

ያኔ የአዳራሹ አይን ሁሉ ወደ ሁለቱ የቲማቲም ጣሳ ዞረ። እንደዚያች ሰአት ተከብሬ አላውቅም። ጠረጴዛ አቀረቡልኝ፣ ነጭ ወረቀት አነጠፉልኝ። እየደረደርኩ ቆጠርኩ። የኛ አስራ ስድስት። የሰቃ አስራ ሰባት።

ሰቃዎች ጣሪያውን ሊያነሱት! ትርሲት አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ጫማዋን ነው የምታየው። በአንድ ነጥብ። ዘንድሮም በአንድ ነጥብ። አልጋ ስር ያለችው ቦርሳ፣ ካልሲ ያስጨመርኩባት፣ አይኔ ላይ መጣች።

ተክዤ ባቄላዎቹን አያለሁ። አያለሁ። አስራ ሰባት... ሰቃዎች ሳቱ እንዴ? አልሳቱም። ከነሱ ጣሳ አንድም ባቄላ አላወጣሁም፤ ሁለት ሁለት እያልኩ ስጥል ብቻ ነው የዋልኩት። ሁለት ሁለት እየተጣለ አስራ ሰባት እንዴት ይመጣል? ወደ አባ ቢያ ዞርኩ። አባ ቢያ ጣሪያውን ያያል። ያኔ «ምርቃቷስ?» የምትለዋ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣች፤ እጄንም አየኋት። ይህቺ ውሻ!

ተነሳሁ። «ቆይ! ቆጠራው ልክ አይደለም!»

አዳራሹ ተንጫጫ። ከኋላ አንዱ «ለልጅ ልጁ ነው!» አለ። የሰቃው መምህር ደበላ ተነስቶ «አባት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የቆጠሩት እርስዎ ነዎት። ሲሸነፉ ነው ልክ የማይሆነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ከዚህ የባሰ እናገር ነበር።

ወደ ሀዊ ዞርኩ። «ልጄ፣ ስንቴ ተሳሳታችሁ?»

«አንድም!» አለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

«ለአንድ መልስ ስንት ታገኛላችሁ?»

«ሁለት።»

«ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እያልሽ አስራ ሰባት ላይ ትደርሻለሽ?»

ከንፈሯ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ሲል አየሁ። የሂሳብ ልጅ አይደለች? «አልደርስም» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያው አስራ ስምንት ነው!» አለ መምህር ደበላ። «አንዷ ወድቃለች!» ግማሹ አዳራሽ ጎንበስ ብሎ ከወንበር ስር ባቄላ ፍለጋ ገባ። ወይዘሮ አስካለ ብቻ አልጎነበሰችም፤ እሷ በጠረገችው ወለል ላይ ባቄላ ወደቀ ማለት ስድብ ነው።

ስለ ምርቃቷ ተናገርኩ። አስረኛዋ ላይ እጄ እንደሄደች፣ ለኛ ልጆች ግን እንዳልሄደች፣ የቤት ሰው ስለማይመረቅ። ምስክር አለህ ወይ አሉኝ። ምስክሬ ከጎኔ ነው። ከመሰከረ የሚጎዳው የወንድሙን ልጅ ነው።

አባ ቢያ ቀስ ብሎ ተነሳ። ኮፊያውን አስተካከለ። «ሰላሳ አመት፣» አለ፣ «ሰላሳ አመት ምርቃት ስለምነው ይህ ሰው ሲቆነጥርልኝ ኖሯል። እፍኝ አይቼበት አላውቅም። ዛሬ አንዲት ሙሉ ባቄላ ሳይነጫነጭ ጣለልኝ። ወላሂ አይቻለሁ። ዝም ልል ነበር፤ ግን ሐሙስ ገበያ እንገናኛለን፣ ፊቱን እንዴት አያለሁ? ማሎ፣ እባካችሁ፣ ሰላሳ አመት የጠበቅኳትን ባቄላ ነው የምትወስዱብኝ፤ ውሰዱ!»

ከሰቃዎች በኩል ነው ሳቁ የጀመረው። ባቄላዋን በሁሉም ፊት አወጣኋት። አስራ ስድስት ለአስራ ስድስት። እነሱ በስምንት መልስ፣ እኛ በዘጠኝ መልስና በኔ ምክር።

አንድ መለያ ፖስታ ቀረበ፣ ለሁለቱም። ደወሉን ቀድማ የመታች ትመልሳለች። ከመለሰች ሁለት ይጨመርላታል። ከሳተች አንድ ይቀነስባትና ተራው ለሌላዋ ይሆናል፤ ሌላዋ ከፈለገች ትመልሳለች፣ ካልፈለገች ታልፋለች። ነጥቡን አሁን ሶስት ሰው በሶስት እርሳስ ይጽፋል፤ ወይዘሮ አስካለን ሰሌዳው ስር አስቀምጠው ጠብቂ ብለዋታል። እኔን ባዶ እጄን አስቀመጡኝ።

ዳኛው ጥያቄውን አነበበ። «አስር ትምህርት ቤቶች፣ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ አንድ ጊዜ ቢገጥሙ፣ በጠቅላላው ስንት ግጥሚያ ይሆናል?»

ደወሉ ጮኸ። ሀዊ ናት። «ዘጠና!»

እኔም ዘጠና ብያለሁ፤ አስሩ፣ እያንዳንዱ ከዘጠኝ ጋር። ዳኛው ግን ራሱን ነቀነቀ። ሰቃ አስራ አምስት ሆነ።

አሁን እዩት እንግዲህ። ትርሲት ዝም ካለች ዜሮ ነው፤ በአስራ ስድስት ታሸንፋለች። ከሳተች አስራ አምስት ለአስራ አምስት፣ እንደገና ከመጀመሪያው። አዳራሹ ሁሉ «ይለፈን በይ! ይለፈን!» ይላል። መምህር ኑረዲን ሶስቱንም እስክሪብቶ በጥርሱ ይዟል። ያኔ ደግሞ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ዝም አይነቅዝም ሲሉኝ አገር ያሸበርኩ ሰውዬ፣ ወንበር ላይ ቆሜ በሁለት እጄ «ዝም በይ! ቁጭ በይ!» እያልኩ እጮሃለሁ። በዝናቡ ማን ይሰማኛል? አየችኝ፤ ሰላም ያልኳት ይመስል ፈገግ አለችልኝ። ተነሳች።

«አርባ አምስት!» አለች። «አንዱን ግጥሚያ ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ስለሚቆጥሩት፣ ዘጠና በግማሽ ይሆናል።»

ዳኛው እጁን አነሳ። አስራ ስምንት ለአስራ አምስት። እኔ ከወንበሩ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ አባ ቢያ ነው አሉ የያዘኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ ጭቃ እየረገጥን ተቆጣኋት። «ዝም ብትይ አሸንፈሽ አልነበር?»

«እንዳትነቅዢ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ያ ምክር ሁለት ባቄላ አስወጥቶሻል! እዚያው መተው ነበረብሽ።»

«ደግሞ፣ አባባ፣» አለች፣ «ሀዊ ስለሳተች ብቻ ባልፍ ምርቃት ይመስል ነበር።»

መልስ አጣሁ። እኔ መልስ ሳጣ በሰፈራችን ይወራል፣ ስለዚህ እናንተም እዚሁ እወቁት።

ሐሙስ አባ ቢያ መጣ። «አስር ጣሳ» አለ። ሰፈርኩ። አስረኛዋ ላይ ስደርስ «ምርቃቷስ?» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለም። እኔም ጠበቅኩ፣ እሱም ጠበቀ። ሁለት ሽማግሌ በአንድ ከረጢት አፍ ላይ ተፋጠን ቆምን። በመጨረሻ በሁለት እጄ ዝቄ ጨመርኩለት፣ አንዴ፣ ደግሞ ሌላ። ጎረቤቴ ነጋዴ የታመምኩ መስሎት ውሃ አመጣ።

አባ ቢያ ከረጢቱን አየ። እጁን ከቶ አንዲት ባቄላ መርጦ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ሌላውን ተቀብያለሁ፣ ጋሪዳ፣ ደህና ነው። ይቺን ግን ያዛት፤ ሰው ታጣላለች። ሀዊም ከቅዳሜ ጀምሮ ያየችውን ሁሉ በሁለት ስታካፍል ነው የከረመችው። ትርሲትን ሰላም በልልኝ ብላለች።»

ባቄላዋን ኪሴ ከተትኳት። ትርሲት ወደ ክልሉ የምትሄድበት ቀን ሲደርስ፣ ሳታየኝ ቦርሳዋን ከአልጋው ስር ጎትቼ ከፈትኩና ካልሲው ውስጥ ወሸቅኳት። ለቤት ሰው ምርቃት የለም ያልኩት እኔው ነኝ፣ አልካድኩም። አንዷ ምን ታደርጋለች?